ከጠዋቱ ፈረቃ ማሩልን

ለደሴ ከተማ አስተዳደር ትምህርት መምሪያ
ግልባጭ፦ ለከተማው ጤና መምሪያ፣ ለርዕሳነ መምህራን፣ ለወላጆች
ጉዳዩ፦ የመገጣጠሚያ ሕመም ያለባቸውን ልጆች ድካም ስለማቃለል

የተከበራችሁ የመምሪያው ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

እንደምን ከርማችኋል? እኔ የአንዲት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ እናት ነኝ። ልጄ 11 ዓመቷ ነው። ደሴ ተወልዳ ደሴ እያደገች ያለች ልጅ ናት።

ጥያቄዬን አስቀድሜ ልናገር፤ ምክንያቱን ከሥር አስረዳለሁ። የመገጣጠሚያ ሕመም ያለባቸው ልጆች የሐኪም ማስረጃ ይዘው ሲመጡ ዓመቱን ሙሉ በከሰዓት ፈረቃ ይማሩ። ይኸው ነው። በጀት አይጠይቅም። ተጨማሪ መምህር አይጠይቅም። ፈረቃው በየሳምንቱ ስለሚቀያየር የልጁ ስም በሁለት ክፍል የስም መጥሪያ መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ብቻ ነው የምለምነው።

ጠዋት ቤታችን ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ።

11 ሰዓት ተኩል ላይ እነሳና ውሃ እጥዳለሁ። ከጦሳ የወረደው ጉም ያን ጊዜ ገና መስኮታችን ላይ ነው። ውሃው ሞቅ ሲል በሳፋ አድርጌ አልጋዋ ድረስ እወስድላታለሁ። እጆቿን እስከ አንጓዋ ትነክራለች። ጣቶቿ አይታጠፉም። አይዘረጉምም። ዝም ብላ ውሃውን እያየች ትቀመጣለች። ሩብ ሰዓት ያህል ከቆየች በኋላ መጀመሪያ አውራ ጣቷ፣ ከዚያ ሌሎቹ ቀስ በቀስ ይፈታሉ። ጉልበቶቿን ደግሞ በሙቅ ውሃ በተነከረ ፎጣ እጠቀልልላታለሁ። የሸሚዟን ቁልፍ የምቆልፍላት እኔ ነኝ። ታፍራለች። እኔ ስቆልፍላት ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። የበራችንን ሦስት ደረጃ ስትወርድ አንድ እግሯን ታስቀድምና ሌላውን ታስከትላለች፣ ገና መሄድ እንደሚለምድ ሕፃን። ይህ ሁሉ የሚሆነው ገና ቁርስ ሳትቀምስ ነው።

ሐኪሞቹ የጠዋት ግትርነት ይሉታል። መገጣጠሚያው ሌሊቱን ሳይንቀሳቀስ ሲያድር ይደርቃል። አንዳንድ ቀን በግማሽ ሰዓት ይለቃታል። አንዳንድ ቀን ደግሞ እስከ ረፋዱ ሦስት ሰዓት ድረስ አይለቃትም። እኛ ግን 2 ሰዓት ሳይሞላ ትምህርት ቤት በር ላይ መድረስ አለብን።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ አንድ ማታ እግሯን እያጠብኳት ነበር። ሁለቱም ጉልበቶቿ ላይ ትናንሽ ጉድጓዶች አየሁ። የጠጠር ምልክት ነው። «ምንድን ነው ይሄ?» አልኳት። ዝም አለች። ደግሜ ስጠይቃት «አርፍጄ ነው፤ ሁሉም ያረፈደ ይንበረከካል እኮ እማዬ» አለችኝ። ያበጠ ጉልበት ያላት ልጅ ጠጠር ላይ ተንበርክካ ነው የዋለችው። ያውም የመጀመሪያ ቀኗ አልነበረም። ለምን እንዳልነገረችኝ ስጠይቃት «ትምህርት ቤት ታስቀሪኛለሽ ብዬ ነው» አለች።

የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። ማንም እንዲቀጣልኝም አልፈልግም። በማግስቱ ሄጄ ስነግራቸው መምህሩ ደነገጠ። አላወቀም ነበር። በክፍል ውስጥ አንገቷን ደፍታ ሲያያት ሰንፋ መስሎታል። «ልጅዎ ጎበዝ ናት፣ ግን ትለግማለች» ብሎ ከዚያ በፊት ነግሮኛል። እውነቱን ለመናገር እኔም አንድ ሰሞን እንደሱ አስቤ ነበር። «ተነሽ እንጂ! ምን ሆነሻል?» ብዬ ብርድ ልብሱን የገፈፍኩባት ጠዋት አሁንም ድረስ ሆዴን ይበላኛል።

ሕመሙ በእንግሊዝኛ ረጅም ስም አለው። በእኛ ቋንቋ በልጆች ላይ የሚከሰት የመገጣጠሚያ ብግነት ልንለው እንችላለን። አንድ ልጅ 16 ዓመት ሳይሞላው መገጣጠሚያው አብጦ ቢያንስ ለስድስት ሳምንት ከቆየና ሌላ ምክንያት ካልተገኘለት ይህን ስም ያገኛል። በሽታን ሊዋጋ የተፈጠረው የሰውነት መከላከያ መንገድ ስቶ የገዛ መገጣጠሚያውን ያጠቃል። ለምን እንደሚጀምር እስካሁን በትክክል አልታወቀም። አዲስ ነገርም አይደለም። ጆርጅ ስቲል የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም የልጆቹ ሕመም ከአዋቂዎቹ እንደሚለይ የጻፈው በ1897 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

እኛ ሰፈር ግን ቁርጥማት የሽማግሌ በሽታ ነው። ልጅ ቁርጥማት አይዘውም። ስለዚህ ቡና ላይ የተሰጠን ምርመራ ብዙ ነው። ብርድ ገብቷት ነው። ዓይን ነው። እድገት ነው፣ አጥንቷ ሲሳብ ነው። ጎረቤቴ ጠበል አመጣችልኝ። ሌላዋ ጎረቤቴ ሸኾቹ ዘንድ ወስዳ ዱዓ አስደረገችላት። ወሎ ነንና ሁለቱንም በእሺታ ተቀበልን፤ የሁለቱም ፍቅር ዛሬም አብሮን አለ። ክሊኒክ ስንሄድ ደግሞ ታይፎይድ ነው ተብሎ ሦስት ጊዜ መድኃኒት ወሰደች። ትክክለኛውን ስም እስክናገኝ ሁለት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር። ለዚያውም 401 ኪሎ ሜትር ተጉዘን አዲስ አበባ ደርሰን ነው።

እዚህ ላይ ለወላጆች አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ልጃችሁ ጉሮሮውን ታሞ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ መገጣጠሚያው ካበጠ፣ በተለይ ሕመሙ ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው የሚዞር ከሆነ፣ ያ ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል። ሩማቲክ ፊቨር ይባላል። መገጣጠሚያውን ለቆ ልብን ሊይዝ ይችላል። የልብ በር ከተጎዳ ልጁ ዳገት ሲወጣ ቁና ቁና ይተነፍሳል፣ ቶሎ ይደክማል። ለዚህ ሕመም በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወሰድ የፔኒሲሊን መርፌ አለ፤ ሐኪሙ አቁም እስኪል ድረስ አንድም ቀን ሊዘለል አይገባም። የኔ ልጅ ሕመም ይኼኛው አይደለም። ሁለቱም ግን በሰፈር ቋንቋ ቁርጥማት ስለሚባሉ ይምታታሉ። እንጥል ማስቆረጥም ከሩማቲክ ፊቨር አያድንም። ልጁን ያስመርምሩት፤ ልቡንም ያስደምጡለት።

አሁን ወደ ድካሙ ልመለስ። ደብዳቤውን ለመጻፍ የተነሳሁትም በእሱ ምክንያት ነው።

ሰው እብጠትን ያያል። አንካሳን ያያል። ድካምን ግን ማንም አያየውም። ልጄ ስለ ሕመሙ ከምታለቅሰው ይልቅ ስለ ድካሙ የምታለቅሰው ይበልጣል። «እማዬ፣ ተኝቼ ነው የደከመኝ» ትለኛለች። ይህን ዓረፍተ ነገር ለመረዳት ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል።

በመጨረሻ የገባኝ ካርድ ቆጣሪያችንን ሳይ ነው። አንድ ቀን ማታ እንጀራ ጋግሬ ምጣዱን ሳልነቅል ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ካርዱ አልቋል። አምፖል አላበራሁ፣ ቴሌቪዥን አልከፈትኩ፤ ሁላችንም ተኝተን ነው ያለቀው። የልጄ ሰውነት እንደዚያ ነው። ብግነቱ ሳይነቀል ያደረ ምጣድ ነው። መከላከያዋ ሌሊቱን ሙሉ ሲዋጋ ያድራል። በዚያ ውጊያ የሚረጩት ኬሚካሎች ደግሞ አንጎል ድረስ ይደርሳሉ። ሰው ጉንፋን ሲይዘው «ሰውነቴ ዛለ» የሚለው በእነሱ ነው። እኛ በሦስት ቀን ይለቀናል። እሷ ግን እንደዚያ ሆና ነው ሒሳብ የምትማረው።

ምጣዱ ብቻም አይደለም። ሕመሙ ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳታል። የቆየ ብግነት ደም ማነስ ያመጣል። መድኃኒቱ ራሱ የሚከብድበት ቀን አለ። ብዙ ስትቀመጥ ጡንቻዋ ይሰልላል፤ የሰለለ ጡንቻ ደግሞ ቶሎ ይደክማል። ጓደኞቿ ትተዋት ሲሮጡ ልቧ ይሰበራል፤ ያም ያደክማል። በዚህ ላይ ደግሞ መምህራን እንዲያውቁት የምፈልገው ነገር አለ። እብጠቱ ከጠፋ በኋላም ድካሙ ሊቀር ይችላል። «ጉልበቷ ድኗል፣ ታዲያ ምን ሆነች?» ማለት አይቻልም።

እህቴ ኮምቦልቻ ነው የምትኖረው። ሁሉም ሰው «ወደዚያ ውረጂ፣ ሙቀቱ ያድናታል» ይለኝ ነበር። በክረምት እረፍት ሐረጎን ወርደን አንድ ወር ተቀመጥን። እውነት ነው፣ ኮምቦልቻ ከደሴ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ትላለች፤ አየሯም ለመገጣጠሚያዋ ተስማማት። ጠዋት ቶሎ ትፈታለች። ድካሙ ግን አብሮን ወርዶ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ብርዱን መውቀስ የተውኩት።

እኔ የሠራሁትን ስህተት ሌላ እናት እንዳትደግመው ልናገር። ድካም ያለበትን ሰው አሳርፈው፣ ይህ የሁላችንም እውቀት ነው። እኔም አሳረፍኳት። አንድ ዓመት ሙሉ «ተቀመጪ፣ ተኚ፣ እኔ አመጣልሻለሁ» እያልኩ ኖርኩ። ውሃ እንኳ ከማድጋ አላስቀዳኋትም። ከሐኪም ያመጣሁት ወረቀት ላይም «ከስፖርት ነፃ» የሚል ተጽፎ ነበር። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ግድግዳ ሥር ተቀምጣ የጓደኞቿን ቦርሳ ትጠብቃለች። ዓመቱ ሲያልቅ የባሰ ደክሟት ነበር። እግሯ ቀጥኗል። ከቤት እስከ ሱቅ ሄዳ መመለስ አቃታት።

መንገዱን ያሳየን እዚሁ ደሴ ያገኘነው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው። ቀድሞ ሐኪሞችም ለእንዲህ ያለ ልጅ አልጋ ላይ እረፍት ያዝዙ እንደነበር ነገረን። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ግን ልክ ያለው እንቅስቃሴ ብግነቱን እንደማያባብሰው አሳዩ። ጡንቻ ያጠነክራል፣ እንቅልፍ ያመጣል፣ ድካሙንም ይቀንሳል። ጀማሪዋ ልጄ በቀን አሥር ደቂቃ ሜዳ ላይ መራመድ ታዘዘላት። ዳገቱን በባጃጅ ትወጣለች፤ ሜዳውን በእግሯ ትሄዳለች። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እንጨምራለን። ትከሻዋንም እንድታንቀሳቅስ ሲመክራት «የወሎ ልጅ አይደለሽ እንዴ? እስክስታ ምቺ» አላት። ያን ቀን ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች። አሁን ማታ ማታ እራት ሳይቀርብ ሬዲዮ እንከፍታለን። እሷ ትከሻዋን ትነቀንቃለች፣ እኔ አጨበጭባለሁ። ትንሽ ወንድሟ መሐል ገብቶ ይረብሻል።

ሁለተኛው ትምህርታችን ጉልበትን ማከፋፈል ነው። ልጄ ደህና ያደረች ቀን አይጣል ነው። ሰኞ ማክሰኞ ትዘላለች። ቤት ትጠርጋለች። የቀረባትን የቤት ሥራ ሁሉ ልጨርስ ትላለች። ከዚያ ሁለት ቀን ትወድቃለች። ይህ ነው መምህራንን የሚያሳስታቸው። «ትናንት ስትዘል አይቻታለሁ፣ ዛሬ ደግሞ እስክርቢቶ ከበዳት?» ይላሉ። አዎ፣ ከበዳት። ውሸት አይደለም። የትናንቱ ዝላይ ነው ዛሬ የሚከፈለው። አሁን ደህና በሆነችበት ቀን «በቃ፣ ለነገ አስተርፊ» እላታለሁ። በከፋበት ቀን ደግሞ ቢያንስ እስከ ጎረቤት ድረስ እንራመዳለን። ሁሉንም በአንድ ቀን አንጨርስም፤ ሁሉንም በአንድ ቀን አንተውም።

ባለሙያው ደብተር እንድንይዝም መከረን። ልጄ ራሷ ምልክቱን ፈጠረች። ማታ ስትተኛ ቀኑን በእንጀራ ትስላለች። ጉልበት የነበራት ቀን ሙሉ እንጀራ ነው። መካከለኛው ቀን ግማሽ ነው። የወደቀችበት ቀን ቁራሽ። አሥር ሳምንት እንዲህ አደረግን። እኔ ለሐኪሙ ላሳይ ብዬ ነበር። ደብተሩ ግን ያልጠበቅኩትን ነገር አሳየኝ።

ልጄ የምትማርበት ትምህርት ቤት ፈረቃው በየሳምንቱ ይቀያየራል። አንድ ሳምንት ጠዋት፣ አንድ ሳምንት ከሰዓት። ደብተሩን ከፍቼ ገጾቹን ጎን ለጎን ሳይ የጠዋት ሳምንታት በቁራሽ ተሞልተዋል። ከረቡዕ በኋላ ሙሉ እንጀራ የሚባል ነገር የለም። የከሰዓት ሳምንታት ግማሽና ሙሉ ናቸው። በጠዋት ሳምንት አንድም ሁለትም ቀን ትቀራለች። በአምስቱ የከሰዓት ሳምንታት የቀረችው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ለዓይን ምርመራ ነበር። (ይህ ሕመም ሳያሳምም፣ ሳያቀላ ዓይን ውስጥ ሊገባ ስለሚችል በየጊዜው መታየት አለባት።) ያው ልጅ፣ ያው መድኃኒት፣ ያው መምህር። የተለየው ሰዓቱ ብቻ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በከሰዓት ሳምንት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ትተኛለች። ለዕድሜዋ የሚመከረው በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ነው። እሷ ደግሞ ሌሊት ስለምትነቃ ጠዋት የምታገኘው ያ ጊዜ ሕይወቷ ነው። ተነስታ ረጋ ብላ ትፈታለች። ቁርሷን በላች፣ ተራመደች፣ ትንሽ አነበበች። 6 ሰዓት ተኩል ላይ ክፍል ስትገባ ጣቷ እስክርቢቶ ይይዛል። ሸሚዟን ራሷ ነው የምትቆልፈው!

ችግሩን አላጣሁትም። ሁልጊዜ ከሰዓት ትማር ማለት አንድ ሳምንት ከራሷ ክፍል ጋር፣ አንድ ሳምንት ከሌላው ክፍል ጋር ትቀመጥ ማለት ነው። ጓደኞቿን በየሁለተኛው ሳምንት ታጣለች። ውጤት መመዝገቡም ለመምህራን ትንሽ ሥራ ይጨምራል። ልጄን ጠየቅኳት። ትንሽ አሰበችና «ሁለት ክፍል ጓደኛ ይኖረኛል ማለት ነው» አለች። መጽሐፉ አንድ ነው። በኛ ትምህርት ቤት ሁለቱን ክፍል የሚያስተምሩትም አብዛኞቹ እነዚያው መምህራን ናቸው። ፈረቃ የሌለባቸው ትምህርት ቤቶች ደግሞ እንዲህ ያለ ልጅ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ቢያልፈው ያለ ቅጣት እንዲገባ መፍቀድ ይችላሉ።

ሌሎቹ ልመናዎቼ አጫጭር ናቸው። ክፍሏ ምድር ቤት ይሁን፤ ፎቅ መውጣት ጉልበቷን ይጨርሰዋል። በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ሲደክማት ትቀመጥ። በየክፍለ ጊዜው መሐል ተነስታ ሁለት ደቂቃ እንድትንጠራራ ይፈቀድላት፤ ብዙ መቀመጥ ያደርቃታል። ከሰሌዳ መገልበጥ ያቃታት ቀን የጓደኛዋን ደብተር በስልክ አንስቼ እቤት ታንብበው። በሚቀጥለው ዓመት የስድስተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ትወስዳለች፤ እጇ ቀስ ስለሚል ተጨማሪ ሰዓት ቢታሰብላት። «ከስፖርት ነፃ» የሚለው ወረቀትም ይቅርና «በአቅሟ ትሥራ» የሚል ይተካው። የስፖርት መምህሩ ሩጫውን ትቶ መወጠሩንና መራመዱን ቢያሠራት ግድግዳ ሥር ቦርሳ ከመጠበቅ ትድናለች።

ማንበርከክ ግን ልመና አይደለም። ይቅር። ለታመመችውም፣ ላልታመመውም።

ለጤና መምሪያ ደግሞ። የትምህርት ቤቶችን መምህራን ግማሽ ቀን ሰብስባችሁ ስለዚህ ጉዳይ ብትነግሩልን የብዙ ልጆች ሁለት ዓመት ይተርፋል። ጠዋት ላይ የሚያነክስ፣ ከሰዓት የሚድን ልጅ ስታዩ ለወላጁ ንገሩ በሏቸው። እስክርቢቶ በጡጫው የሚይዝ ልጅ፣ ደረጃ ላይ ወደ ኋላ የሚቀር ልጅ፣ ድሮ ይሮጥ የነበረና አሁን ዳር የሚቆም ልጅ። መምህር ከወላጅ በላይ ልጁን የሚያይበት ሰዓት አለ። መጋቢት 9 ቀን የልጆችና የወጣቶች የሩማቲክ ሕመሞች (የመገጣጠሚያ ብግነትና መሰሎቹ) ቀን ተብሎ በዓለም ይታሰባል። በዚያ ሰሞን ቢደረግ ደስ ይለኛል።

ለወላጆችም ጥቂት ልጨምር፤ እኔ በዘገየሁበት እናንተ እንዳትዘገዩ። ልጃችሁ ብግነቱን የሚያበርደው ሜቶትሬክሴት ከታዘዘለት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወሰድ መድኃኒት ነው። በየቀኑ መስጠት አደገኛ ነው። የመድኃኒቱን ቀን ግድግዳ ላይ ጻፉት። የኛ ልጅ እሁድ ማታ ትወስድ ስለነበር ሰኞ ሲያቅለሸልሻት ትውላለች። ሐኪሟን አማክረን ወደ ዓርብ ማታ አዛወርነው። አሁን ከባዱ ቀን ቅዳሜ ላይ ይወድቃል፤ ቤት ናት፣ ትተኛለች። የደም ምርመራዋን አናስተጓጉልም። ደም ማነስ ከተገኘ መንስኤውን ሐኪሙ ይለየው፤ የብረት ክኒን ሁሉንም ደም ማነስ አይፈታም። ምስርና ቆስጣ ትብላ፣ ሻይና ቡና ግን ከምግቡ ጋር አይሁን፤ ብረቱ ወደ ሰውነት በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል። እኛ ጠዋት ዳቦ በሻይ ለምደን ስለነበር መተው ከብዶን ነበር። የመኝታ ሰዓቷም ቁርጥ ያለ ነው። ማታ 2 ሰዓት ተኩል ሲሆን ስልኩ ከእጇ ይወጣል። ትቆጣለች፣ ግን ትተኛለች።

ድካሙ ድንገት ከባሰ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ትንፋሽ ካጠራት ግን ማከፋፈልም እስክስታም አይደለም። ቶሎ ሐኪም ዘንድ ነው።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ በከተማችን ስንት እንዲህ ያሉ ልጆች እንዳሉ እናንተ ብቻ ናችሁ ልታስቆጥሩ የምትችሉት። እኔ በሕክምና ወረፋ ላይ ብቻ ሦስት እናቶች አግኝቻለሁ። አንዷ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ አንዷ ከሰኞ ገበያ ሰፈር፣ አንዷ ከኮምቦልቻ ናት። የአንዷ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ላይ አቋርጧል። አእምሮው አላነሰውም። ጠዋቱ ነው ያሸነፈው። ከሦስቱ ጋር ሆነን የምናመለክተው አንድ ጥያቄ ነው።

የደብተሩን ኮፒ፣ የሐኪም ማስረጃውንና የስልክ ቁጥሬን ከዚህ ደብዳቤ ጋር በእጄ ለመዝገብ ቤታችሁ አስገብቻለሁ። የሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ድልድል ከመውጣቱ በፊት ብትጠሩኝ ከልጄ ጋር እመጣለሁ። በከሰዓት ቀጥሩን እንጂ ደረጃችሁን ራሷ ትወጣዋለች።

ከአክብሮት ጋር
የአምስተኛ ክፍል ተማሪ እናት
ደሴ